ለአሮጌ ላንድክሩዘር የትኛው የናፍጣ ሞተር ይሻላል?

ያለሁት ደሴ ነው። እ.ኤ.አ. የ1986 ስሪት የሆነች ላንድክሩዘር ኤፍጄ 60 አለችኝ። ቦዲዋና ሻንሲዋ ጤነኛ ነው። ያስቸገረኝ ባለ 6 ሲሊንደር ቤንዚን ሞተሯ ነው። ቤንዚን እንደ ውኃ ትጠጣለች፤ አሁን ደግሞ ዘይት መብላት ጀምራለች።

ካርቡራተሩን አሳጠብኩ። የፒስተን ፋሻም (ቀለበቶቹን) አስቀየርኩ። ለጥቂት ወራት ተሻላትና ተመልሳ ያው ሆነች። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፤ ከኋላዬ ያለው አይሱዙ ደግሞ ጡሩምባውን ያንባርቅብኛል።

ስለዚህ ወደ ናፍጣ ላዞራት ወስኛለሁ። ያገለገሉ ሁለት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች፣ 3ቢ (3.4 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር) እና 1ኤችዜድ (4.2 ሊትር፣ ባለ 6) አግኝቻለሁ። የሁለቱም የናፍጣ ፖምፓ ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ጣጣ የለባቸውም። ወረ ኢሉ መንገድ ላይ ብቆም የሰፈር መካኒክ ይደርስልኛል። 1ኬዜድ የሚባለውን ሌላ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ) ስላለው አስቤው ነበር፤ ግን ሲግል ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይሰነጠቃል ስለሚባል ተውኩት።

የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። 3ቢ ቆጣቢ ነው ይሉኛል፣ ግን ዳገቱን ይችለው ይሆን? 1ኤችዜድ ጉልበት አለው፤ የሚጠጣው ናፍጣም የዚያኑ ያህል ብዙ ነው።

ፍጥነት አልፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ እህል ጭኜ ኮረኮንች ላይ ነኝ። እንዲህ ላለ ሥራ፣ በዚህ ከፍታ የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ከሁለቱ የቱን ልግዛ?