ግቢያችን ውስጥ ባትሪ ይሠራል፤ ለልጄ የሽፈራው ቅጠል ልስጠው?

እናት ከአዳማ፦
ባለቤቴ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታ እርሳሱን የሚያቀልጠው እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው። የአራት ዓመት ልጃችን ሰሞኑን በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫል፣ ሆዱን ያመዋል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎታል። ጎረቤቴ «እርሳስ ጠባይ ያበላሻል፤ ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ስጪው» አለችኝ። ይጠቅመው ይሆን?

ነርስ፦
እህቴ፣ ጎረቤትሽ ስለ ጠባዩ አልተሳሳተችም። እርሳስ የልጅን አንጎል ይጎዳል፤ ንጭንጩም የሆድ ቁርጠቱም ከምልክቶቹ ናቸው። ግን የሆድ ትላትልም እንዲሁ ያደርጋል። የሚለየው የደም ምርመራ ብቻ ስለሆነ፣ የእርሳስ መጠን የሚለካ ላቦራቶሪ ሐኪሙን ጠይቂ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ከተገኘ ምንጩ መወገድ አለበት፤ 45 ከደረሰ ደግሞ እርሳሱን የሚያስወጣ መድኃኒት በሐኪም ይሰጠዋል።

ፋርማሲስት፦
ስለ ነጭ ሽንኩርት ወሬ ብቻ አይደለም። በኢራን የባትሪ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት፣ ለአራት ሳምንት ሲወስዱት በደማቸው ያለው እርሳስ መቀነሱንና ብስጭታቸው መርገቡን አሳይቷል። ሰዎቹ ግን አዋቂዎች ናቸው። ስለ ሽፈራው የሚወራው በአብዛኛው በአይጥ ላይ የታየ ነው። በወጡ ውስጥ ይግባ፤ ለሕክምና ብለሽ ጨምቀሽ አታጠጪው።

የቀድሞ ባትሪ ሠሪ፦
ማቅለጡ ዛሬውኑ ከግቢ ይውጣ! ያ ካልሆነ ሽፈራው በጆንያ ብታመጪም ከንቱ ነው። ባለቤትሽ የሥራ ልብሱንና ጫማውን ቤት ይዞ አይግባ፤ ልብሱም ከልጁ ልብስ ጋር አይታጠብ። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪ እንጂ በደረቁ አትጥረጊ፤ አቧራው ይነሣና ተመልሶ ምግብ ላይ ያርፋል።

እናት ከአዳማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርድ በወተትስ?

ፋርማሲስት፦
ወተቱ መልካም ነው፤ በካልሲየም እጥረት የተጎዳ ሰውነት እርሳስን በብዛት ይቀበላል። ብረት ሲያንሰውም እንደዚያው ነው፤ ምስርና ጎመን አብዢለት፣ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። በባዶ ሆዱም አይዋል። የተፈጨ እርድ ግን ከማታውቂው ነጋዴ አትግዢ። በባንግላዴሽ ቢጫው እንዲደምቅ ሲባል እርሳስ ያለበት ቀለም ሲቀላቀልበት ተገኝቷል። ሥሩን ገዝተሽ ራስሽ አስፈጪ።

ነርስ፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ባለቤትሽም ይመርመር። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አንቺም ሳትውዪ ሳታድሪ ተመርመሪ፤ እርሳስ ወደ ፅንሱ ያልፋል።