ፑል ላይ በኃይል ስበትን ነጯ ለምንድነው የምትዘለው?

የማርቆስ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። እኛ ሰፈር ባለው ፑል ቤት ሂሳብ የሚከፍለው የተሸነፈ ነው፣ ያሸነፈ ደግሞ ቀጣዩን ይበትናል፣ ስለዚህ ብሬክ (የመጀመሪያውን መበተን) የሚችል ሰው ከጠረጴዛው ሳይነሳ ያመሻል። የኔ ችግር እዚህ ላይ ነው። ቀስ ብዬ ስመታ ኳሶቹ እዛው ተጠጋግተው ይቀራሉ። ባለ በሌለ ኃይሌ ስመታ ደግሞ ነጯ (በስቲክ የምንመታት ኳስ) ወይ ቀዳዳ ትገባለች ወይ ዘልላ ወለሉ ላይ ትወድቃለች። የአሜሪካዊውን የፑል ተጫዋች የሼን ቫን ቦኒንግን ብሬክ ዩቲዩብ ላይ ደጋግሜ አያለሁ፣ የእሱ ነጭ ከመታች በኋላ ጠረጴዛው መሀል ቁጭ ነው የምትለው። ጉልበት አያንሰኝም። ችግሩ አነጣጠሬ ነው ወይስ አመታቴ? ዓይኔስ ማረፍ ያለበት ነጯ ላይ ነው ወይስ ከተደረደሩት ኳሶች የፊቷ ኳስ ላይ? የምንጫወተው ባለ 8 ነው። የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ አስረዱኝ።

ጣና ዳር

ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ አንድ ነገር አድርግ። ስትበትን የተበተኑትን ኳሶች አትከተል፣ ነጯን ብቻ ተመልከት። የመታሃትን ቦታ እሷው ትነግርሃለች። ወደ ግራ ከሄደች የፊቷን ኳስ የመታሃት በግራ ጎኗ ነው። ወደ ቀኝ ከሄደች በቀኝ። ፊት ለፊት ሙሉ በሙሉ ካገኘሃት ግን ነጯ ወደ ጎን የምትሄድበት ምክንያት የላትም፣ ቀጥ ብላ ትንሽ ወደ አንተ ትመለስና ትቆማለች። ያንተ ነጭ ቀዳዳ የምትገባው ሙሉ ስለማታገኛት ነው ብዬ ነው የማስበው።

እስቲ ሂሳቡን እየው። በትልቁ፣ ባለ 9 ጫማው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመበተኛው መስመር እስከ ፊቷ ኳስ ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ27 ሳንቲ ያህል ነው። አንዲት ኳስ ደግሞ ስፋቷ 57 ሚሊ ሜትር ናት። አቅጣጫህ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት ነጯ እዛ ስትደርስ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ትስታለች፣ ማለትም ከኳሷ አንድ ሦስተኛ በላይ! በዚያ ፍጥነት ይህ ብዙ ነው። ጉልበትህ ለድርድሩ (ለተደረደሩት ኳሶች) ሳይሆን ለነጯ ሩጫ ይውላል ማለት ነው።

ስለ መዝለሏ ደግሞ፣ የስቲኩ ኋላ ከፍ ስላለ ነው። ሰው ሊበትን ሲል ክንዱን አንስቶ ከላይ ወደ ታች ይመታል፣ ነጯ ወደ ጠረጴዛው ትጫንና ነጥራ ትሄዳለች። ዓይን ላያየው ይችላል፣ በጣም ትንሽ ዝላይ ነው። ግን አየር ላይ እያለች የፊቷን ኳስ ካገኘች የምታርፈው በላይኛው ግማሿ ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ላይ ትወጣለች። ስቲኩን ጠርዙ የሚፈቅድልህን ያህል አስተኛው። ነጯንም ከጠርዙ ራቅ አድርገህ ወደ መስመሩ ጠጋ አድርጋት፣ ያኔ ስቲኩን ዝቅ ማድረግ ይቀልሃል። አሁንም ከዘለለች አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት አድርገህ ሞክር። ዝላይዋ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚቀየር አንዳንዴ ይሄ ብቻ ነገሩን ይፈታዋል።

ቡሬ ላይ

ጣና ዳር ያለው ትክክል ነው። እኔ ስለ አመታቱ ልጨምር።

አንተ «ጉልበት አያንሰኝም» ብለሃል። እኔ ደግሞ ችግርህ እሱ ይመስለኛል። ጉልበቱን የምታስገባው ከመጀመሪያው ነው አይደል? ስቲኩን ጨብጠህ፣ ትከሻህን ወጥረህ፣ ከኋላ ጀምረህ በፍጥነት። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ድምፁ የሚመጣው ክንድ በመወጠር አይደለም፣ እጅ ለስለስ ብሎ መጨረሻ ላይ ሲለቅ ነው። ስቲኩን በጣቶችህ ብቻ ያዘው፣ መዳፍህ አይጭመቀው። ወደ ኋላ ስትስብ ቀስ በል። እዛ ጋ ለቅጽበት ቆም በል። ከዚያ ወደ ፊት እየፈጠንክ ሂድና ትልቁ ፍጥነት ነጯን በምትነካበት ሰዓት ይሁን። ከመታህ በኋላም አታቁመው፣ ስቲኩ የነጯን ቦታ አልፎ ይሂድ።

ነጯን መሀሏን ምታት። ከመታች በኋላ ወደ ድርድሩ ተከትላ ከገባች በሚቀጥለው ትንሽ ዝቅ አድርገህ ምታ። ብዙ ወደ ኋላ ከተመለሰችብህ ትንሽ ከፍ አድርግ። በጎን ግን በፍጹም አትምታት። በጎን የተመታች ነጭ ገና ከስቲኩ ስትለቅ ከመስመሯ ትወጣለች፣ በኃይል በመታህ ቁጥር ደግሞ ጎን መምታት ይበዛል።

ልምምዱ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ባዶ በሆነ ሰዓት አንዲት ኳስ ብቻ የፊቷ ኳስ በምትቆምበት ነጥብ ላይ አስቀምጥ። በግማሽ ጉልበት ምታት። ነጯ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል በመስመሩ ላይ ከቀረች ትንሽ ጨምር። ወደ ጎን መሄድ ስትጀምር እሱ ነው ያንተ ጣሪያ፣ ለጊዜው ጨዋታ ላይ ከእሱ በታች በትን። ጣሪያው በልምምድ ከፍ ይላል። የዓለም ምርጦቹ ነጯን በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ያስሮጧታል፣ ግን እነሱ በዚያ ፍጥነትም ሙሉ ያገኟታል።

የማርቆስ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የማስቀምጣት ጠርዙ ጥግ ነው፣ ለዚህ ነው ለካ። ዓይኔን ግን የት ላድርግ? ሌላ ደግሞ፣ ለመበተን ከባዱን ስቲክ ነው የምመርጠው፣ ልክ ነው?

ጣና ዳር

ዓይን ላይ ሰው አይስማማም። ሲመቱ የፊቷን ኳስ የሚያዩ አሉ፣ መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ነጯ ላይ የሚያሳርፉም አሉ። እኔ በሌላው ምት የምመታትን ኳስ ነው የማየው፣ ለብሬክ ግን ነጯን እመርጣለሁ። አቅጣጫዬን አስቀድሜ ስለጨረስኩ የቀረኝ መሀሏን ማግኘት ብቻ ነው። ሁለቱንም ሞክርና ነጯ መሀል የምትቆምልህን ያዝ። በየጨዋታው አትቀያይር ብቻ።

ፍኖተ ሰላም

እኔ ፑል ቤት ነው የምሠራው፣ ጠረጴዛ ሳዘጋጅ ነው የምውለው። ማንም ስላላነሳው ልናገር። ድርድሩ ካልተጠጋጋ አመታትህ ምንም ቢያምር ኳሱ አይበተንም። የፊቷ ኳስና ከኋላዋ ያሉት ሁለቱ መነካካት አለባቸው። በመሀላቸው ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ካለች ጉልበቱ እዛ ይሞታል። ሦስት ማዕዘኑን ከማንሳትህ በፊት በጣቶችህ ከኋላ ወደ ፊት ግፋቸው፣ ከዚያ ጎንበስ ብለህ እይ። የፊቷ ኳስ የምትቆምበት ጨርቅ ሲበላ ጉድጓድ ነገር ይሠራል፣ ኳሷ በራሷ ትንከባለላለች። እንደዛ ከሆነ ለባለቤቱ ንገረው፣ የጨርቅ ነገር ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጨርቁ እርጥበት ይስብና ሁሉም ነገር ይከብዳል፣ ያኔ ክንድህን አትውቀስ።

ስቲክህን በተመለከተ፣ ከባድ ስለሆነ ብቻ አይበልጥም። ብዙውን ጊዜ ስቲክ ከ510 እስከ 595 ግራም ነው፣ ፍጥነት ከክብደት ይበልጣል፣ ስለዚህ ሳትቸገር የምታፈጥነውን ምረጥ። ከዚያ በፊት ጠረጴዛው ላይ አንከባለው። ጫፉ ከፍ ዝቅ ካለ ጠማማ ነው፣ ተወው። ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ለስላሳና የሳሳች ከሆነችም ተወው፣ ለብሬክ ጠንካራ ቆዳ ነው የሚሻለው። ቾክ መቀባትም አትርሳ፣ የሚበትን ሰው ነው ሁልጊዜ የሚረሳው።

የማርቆስ ልጅ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። እኛ ጋ ስንደረድር ማንም ኳስ አይገፋም፣ ሦስት ማዕዘኑን ብድግ ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ በብሬክ ጥቁሯ (8 ቁጥሯ) ብትገባ ማሸነፍ ነው መሸነፍ? ሁሌ ያጨቃጭቀናል።

ፍኖተ ሰላም

በዓለም አቀፉ ሕግ ሁለቱም አይደለም። የበተነው ሰው ጥቁሯን ወደ ነጥቧ መልሶ ይቀጥላል፣ ወይ እንደገና ይበትናል። ነጯም አብራ ከገባች ምርጫው የተጋጣሚው ይሆናል። በነገራችን ላይ ምንም ኳስ ካልገባ ቢያንስ 4 ኳሶች ጠርዝ መንካት አለባቸው፣ አለበለዚያ ብሬኩ ልክ አይደለም፣ ምርጫው የተጋጣሚው ይሆናል። አብዛኛው ፑል ቤት ግን የራሱ ሕግ አለው፣ ጥቁሯ ስትገባ አሸነፈ የሚሉ ብዙ ናቸው። ሳትበትኑ በፊት ተነጋገሩ።