ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት፦ የት፣ በምን ያህል ሙቀት፣ ለስንት ደቂቃ?

ጠያቂ፦ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ

ውድ ወገኖቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ነው። ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ መዋልን ስለሚጠይቅ ቤቴ የምደርሰው ባቴ ጠጥሮና ወገቤ ደርቆ ነው። እስካሁን በኖርኩባቸው ቤቶች ሁሉ ገላዬን የምታጠበው በሻወር፣ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ በሳፋና በጆግ ነበር። አሁን የተከራየሁት ቤት ግን ዱሮ የተሠራ በመሆኑ ባኞ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ነጭ የብረት ገንዳ አለው፤ ባለቤቶቹም 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር አስገጥመዋል። በግቢው ያሉት ሌሎች ተከራዮች የየራሳቸውን ገንዳ ሞልተው የሚያስቀምጡት ውሃ ለሚጠፋበት ቀን ነው። እኔ ግን ለተሠራበት ዓላማ ልጠቀምበት፣ ማታ ማታ እስከ አንገቴ ገብቼ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ድካሜ እስኪወጣ ድረስ ልቀመጥበት እፈልጋለሁ። ይህን ያህል የጓጓሁለት ነገር ብዙ አይደለም።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው፣ ውሃው ምን ያህል ቢሞቅ፣ ምን ያህልስ ብቆይበት ይሻላል? የቦይለሩ ውሃ ገንዳውን ይሞላል ወይስ ወገቤ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል? ከቤቱስ ይልቅ ፍል ውሃ መሄድ ይመረጣል? ከሁሉም በላይ ግን የሚከብደኝ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንድ ገንዳ ሙሉ ውሃ ለአንድ ሰው እረፍት ማዋሌ ነው። በዚህ ላይ የምታስቡትን በግልጽ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የካዛንቺሱ ጡረተኛ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት በታላቅ ደስታ ነው፤ እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ የፍል ውሃ ደንበኛ ነኝና። መጀመሪያ ይህን ፍላጎትሽን እንደ ቅንጦት ቆጥረሽ እንዳታፍሪበት እለምንሻለሁ። የምንኖርባት ከተማ የተቆረቆረችው ለዚሁ ለሙቅ ውሃ ሲባል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ በነበረበት ዘመን፣ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ነፋሱና ብርዱ የሚበረታ ስለነበረ፣ ንጉሡና መኳንንቱ ፊንፊኔ ወደሚባለው ሜዳ እየወረዱ ከፍል ውሃው ዳር ድንኳን ተክለው ገላቸውን ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደውት በ1879 ዓ.ም. ከምንጩ አቅራቢያ ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ መኳንንቱም በየፊናቸው ቦታ እየያዙ ሠፈሩ፤ ከተማዋም በዚያው ቀጠለች። እንግዲህ ንግሥቲቱ ተራራ ወርዳ የምትፈልገውን ነገር አንቺ ቤትሽ ውስጥ ብትፈልጊው ምን ነውር አለበት?

ፍል ውሃን በተመለከተ የምነግርሽ የማውቀውን ነው። ውሃው ከመሬት ሲወጣ ከ70 ዲግሪ በላይ የሞቀ በመሆኑ እንደወጣ ገላ አይችለውም፤ በርዶ ወይም ከቀዝቃዛ ተቀላቅሎ ነው የሚቀርበው። ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ ክንድሽን በእጅሽ ስትዳስሺው ሳሙና ሳትነኪ እንኳ ቆዳሽ ሙልጭልጭ ይልብሻል፤ ይህን ስሜት በቧንቧ ውሃ አታገኚውም። ደረጃቸው የተለያየ ክፍሎች አሉት፤ አንቺ ለምትፈልገው ነገር ሻወር ያለውን ሳይሆን ገንዳ ያለውን ክፍል ጠይቂ፤ ስትከፍዪም በክፍሉ ውስጥ እስከ ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚፈቀድ አጣሪ። ፎጣ፣ ሳሙናና ነጠላ ጫማ የራስሽን ይዘሽ ሂጂ። ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ወረፋው ስለሚረዝም፣ ከውስጥ ሆነሽም ውጭ የሚጠብቀውን ሰው እያሰብሽ ስለምትቸኩዪ፣ በሥራ ቀን በማለዳ ብትሄጂ እመክርሻለሁ።

ክፍሉን እንደያዝሽ ወዲያውኑ አትግቢ። ገንዳውን በደንብ አለቅልቀሽ ሙዪው፤ እስኪሞላ ድረስ የክፍሉ አየር በእንፋሎት ይሞቃል። ከዚያ እግርሽን፣ ቀጥሎ ባትሽን፣ እያረፍሽ መላ አካልሽን አስገቢ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃውን የመልመጃ ናቸው፤ ደስታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ትከሻሽ ሳታዢው ዝቅ ሲል፣ ትንፋሽሽም ረዘም ረዘም ሲል ነው። እኔ በበኩሌ ሰው በሻወር ይታጠባል እንጂ ያርፋል ብዬ አላምንም። ስልክሽንም ከቦርሳሽ አታውጪ፤ ያ ጊዜ የአንቺ ብቻ ይሁን።

መልስ፦ ነርስ ከባሕር ዳር

የተከበሩ ጠያቂ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ቆይታው እኔ ልመልስልዎ።

ለአብዛኛው ጤናማ ሰው ተስማሚው የውሃ ሙቀት ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። ከሰውነታችን ሙቀት ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ስለሆነ ገላን ሳያንገበግብ ያሞቃል። ሙቀቱ 42 ሲደርስ ብዙ ሰው ቶሎ ያልበዋል፣ ልቡም ይመታበታል፤ ስለዚህ ለረጅም ቆይታ አይመችም። ቴርሞሜትር ከሌለዎት በእጅዎ መዳፍ ሳይሆን በክርንዎ ይሞክሩት፤ መዳፍ ሙቀት ስለለመደ ያሳስታል። ለጀማሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ውሃው 38 አካባቢ ከሆነና የሚያሰጋ ሕመም ከሌለብዎ ግን ግማሽ ሰዓት ቢቆዩም ክፋት የለውም።

እንደ እርስዎ ቆሞ ለሚውል ሰው የሚሰጠው እፎይታ እውነተኛ ምክንያት አለው። ቀኑን ሙሉ ስንቆም ደምና ፈሳሽ ወደ እግራችን ይወርዳል፤ ማታ ጫማ የሚጠብበን፣ የካልሲ ላስቲክም ቁርጭምጭሚታችን ላይ ምልክት የሚተወው ለዚህ ነው። እስከ አንገት ውሃ ውስጥ ስንገባ የውሃው ግፊት ያንን ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ እንዲመለስ ያግዛል፤ እግርና ወገብ የሚሸከሙት ክብደትም ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ሙቀቱ ደግሞ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋና ጡንቻን ስለሚያላላ የጠጠረው ባት ይፈታል። ሻወር የውሃውን ሙቀት ይሰጥ ይሆናል፤ ግፊቱንና የክብደቱን መቅለል ግን አይሰጥም፤ የካዛንቺሱ አባታችን በዚህ ነገር ትክክል ናቸው።

ለእንቅልፍም ይረዳል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ከመኝታ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ በሞቀ ውሃ መታጠብ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ እንቅልፍ ቶሎ እንዲወስድ ያግዛል። ምክንያቱም የእጅና የእግር የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ሰውነት ከወጣ በኋላ ሙቀቱን በፍጥነት ይለቅቃል፤ የውስጥ ሙቀታችን መውረዱም ለአንጎል የእንቅልፍ ምልክት ነው። ስለዚህ ከገንዳው ወጥተው በቀጥታ አልጋ ውስጥ ከመግባት፣ ሻይ ጠጥተው፣ ጥቂት ቁጭ ብለው ቢተኙ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ሲወጡ በዝግታ ይውጡ። የደም ሥሮች በሰፉበት ሰዓት ድንገት መነሳት የደም ግፊትን ስለሚያወርድ ያዞራል፤ እርጥብ ወለል ላይ መውደቅ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያመጣል። በመጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፣ ውሃው እየጎደለ ትንሽ ይቆዩ፣ ከዚያ የገንዳውን ጠርዝ ይዘው ይነሱ። አልኮል ጠጥቶ መግባት ፈጽሞ አይገባም።

መልስ፦ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያ

እህቴ፣ ቦይለሩ ገንዳውን ይሞላል ወይ ላሉት በሒሳብ ልመልስ። ቦይለሩ 65 ዲግሪ የደረሰ 80 ሊትር ውሃ ቢኖረውና የቧንቧዎ ውሃ 18 ዲግሪ ገደማ ቢሆን፣ ሁለቱ ተቀላቅለው 40 ዲግሪ የሆነ 170 ሊትር ያህል ውሃ ይወጣል። በተግባር ግን ሙቁ ውሃ በወጣ ቁጥር ቀዝቃዛው ከሥር እየገባ ስለሚቀላቀል፣ ገንዳውም የብረት ስለሆነ ሙቀት ስለሚስብ፣ ከ130 እስከ 140 ሊትር ቢጠብቁ ይሻላል። ይህም አንድ ሰው ጋለል ብሎ ለሚገባበት ገንዳ በቂ ነው፤ ሰውነትዎ ሲገባ ውሃውን ከፍ ያደርገዋልና። ቦይለሩ 50 ሊትር ቢሆን ኖሮ ግን አይበቃዎትም ነበር።

ያንን 80 ሊትር ለማሞቅ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ የማሞቂያው ኃይል 1.5 ኪሎዋት ከሆነ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ከሥራ እንደተመለሱ ቢያበሩት ከራት በኋላ ይደርሳል። ሙቀቱን ከ60 ዲግሪ በታች አያድርጉት፤ ለብ ያለ ውሃ በታንከር ውስጥ ሲቆይ ጎጂ ባክቴሪያ ይራባበታል። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያቃጥል፣ ገንዳው ውስጥ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድመው፣ ሙቁን አስከትለው ይሙሉ፤ በተለይ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ከመግባትዎ አስቀድሞ የቦይለሩን ብሬከር ያጥፉ፤ የመሬት ሽቦው በትክክል መታሰሩንና የግፊት መልቀቂያ ቫልቩ መሥራቱንም በባለሙያ ያስፈትሹ። በየቤቱ እየዞርኩ ስሠራ የመሬት ሽቦ ያልታሰረለት ቦይለር ብዙ አያለሁ፤ ይህ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም። ቻርጀር ላይ የተሰካ ስልክም ከገንዳው አጠገብ አያስቀምጡ።

መልስ፦ እህታችሁ ከቶኪዮ

እህቴ፣ ያስጨነቀሽን የውሃውን ጉዳይ እዚህ ከማየው ልንገርሽ። የምኖረው ብዙ ኢትዮጵያውያን ባሉበት በካትሱሺካ ወረዳ ነው። ጃፓኖች ማታ ማታ ሙቅ ውሃ ውስጥ መቆየትን እንደ ራት ያለ የዕለት ነገር አድርገው ነው የሚኖሩት፤ ነገር ግን ገንዳው ውስጥ አይታጠቡም። ከገንዳው ውጭ፣ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሳሙና ታጥበው፣ አረፋውን አለቅልቀው ከጨረሱ በኋላ ነው ወደ ውሃው የሚገቡት። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ስለሚቆይ የቤቱ ሰው ሁሉ በየተራ ይገባበታል፤ በመካከሉ ሙቀቱ እንዳይጠፋ ክዳን ይደረግበታል። በማግስቱ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ያንኑ ውሃ በትንሽ ፓምፕ ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ይስበዋል።

አንቺም እንዲሁ ብታደርጊ ምን ይቀርብሻል? አስቀድመሽ በሳፋና በጆግ ታጠቢ፤ ከዚያ ንጹሕ ገላሽን ይዘሽ ግቢ። ስትወጪ የገንዳውን መድፈኛ አትንቀዪ። ለሊቱን ይቆይና ጠዋት ልብስ ይዘፍዘፍበት፣ ወለል ይወልወልበት፣ ሽንት ቤት ይለቀቅበት። ጎረቤቶችሽ ውሃ ለሚጠፋበት ቀን የሚያጠራቅሙትን ውሃ አንቺም እያጠራቀምሽ ነው፤ ልዩነቱ መጀመሪያ አንቺ ማረፍሽ ነው። በየቀኑ አድርጊው አልልሽም፤ ውሃ በሚመጣበት ፈረቃ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢሆን ግን ሕሊናሽ ሊወቅስሽ የሚገባ አይመስለኝም።

እዚህ ክረምቱ ሲገባ፣ ሌሊቱ ከሁሉ በሚረዝምበት ዕለት፣ ዩዙ የሚባል የሎሚ ዘር ሙሉ ሙሉውን ውሃው ላይ ያንሳፍፋሉ። ሽታው ክፍሉን ሁሉ ይሞላዋል። ከአትክልት ተራ ባህረ ሎሚ ገዝተሽ፣ ሳትቆርጪው ጨምረሽ ሞክሪው፤ ከቆረጥሽው ጭማቂው ቆዳ ይቆጠቁጣል።

ጠያቂ፦ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ብሬከሩንና የመሬት ሽቦውን ቅዳሜ አስፈትሻለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ስኳርም አለባት። ጉልበቷን ስለሚያማት እሷም ብትገባ ደስ ይላት ነበር። ይፈቀድላታል?

መልስ፦ ነርስ ከባሕር ዳር

እናትዎን በመጀመሪያ የሚከታተላቸው ሐኪም ይፍቀድላቸው፤ የግፊት መድኃኒትና ሙቅ ውሃ አንድ ላይ ግፊትን ከሚገባው በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ። ሐኪሙ ከፈቀደ ውሃው ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ብቻ ይሁን፣ ቆይታውም ከ10 ደቂቃ አይበልጥ፤ ውሃው ከደረታቸው በታች ቢሆን ይመረጣል። ስኳር የእግርን ስሜት ሊቀንስ ስለሚችል ሙቀቱን በእግራቸው እንዲለኩት አይተዉአቸው፤ ሁልጊዜ እርስዎ በክርንዎ ይለኩላቸው፤ ከወጡ በኋላም በእግር ጣቶቻቸው መካከል በደንብ ያድርቁላቸው። በሩ አይቆለፍ፤ እርስዎም አጠገባቸው ይሁኑ። ሲገቡና ሲወጡ የሚይዙት ነገር እንዲኖር ከግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ቢያስገጥሙ ለእርስዎም ይጠቅማል።