የእማዬ ሌንስ ተበላሸ ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ጠያቂ፦ የመንዙ ልጅ
ሰላም ናችሁ? እናቴ የምትኖረው መሐል ሜዳ ነው። አምና የቀኝ ዓይኗ ሞራ ተገፎ ሌንስ ገባላት። ፋሻው ሲፈታ የነርሷን ጉትቻ አይታ «ወርቅ ነው?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። አሁን ግን «ጉም ወረደብኝ» ትላለች። አይቀላም፣ አያማትም። ጎረቤት «ፕላስቲክ አይደል? የምድጃው ወላፈን አቅልጦት ነው» ይላታል። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ የሚታጠፈው ሌንስ ነው የተገጠመላት። የእማዬ ርካሹ ይሆን? ለግራ ዓይኗ ቀጠሮ ይዘን ነበር፣ «አልሄድም» ብላ አርፋለች።

መልስ፦ የዓይን ነርስ፣ ደብረ ብርሃን
ሌንስ በምድጃ አይቀልጥም፣ ጎረቤታችሁን አረጋጉልን። የማይታጠፈው፣ የጠንካራው ሌንስ ፕላስቲክ ፒኤምኤምኤ ይባላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ከዚሁ ፕላስቲክ የተሠራ የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ነገሩ ዓይን እንደማያስቆጣ ልብ አለ። የመጀመሪያውን ሌንስ ለንደን ላይ የገጠመው እሱ ነው፣ በፈረንጆቹ 1949።

የእናትህ ጉም ከሌንሱ ጀርባ ይመስለኛል። ሞራው ሲወጣ ስስ ከረጢቱ ይቀራል። ሌንሱ እዚያ ይገባና በሁለት ቀጫጭን እጆቹ ተወጥሮ መሐል ይቆማል። ዓይኑ ሲድን ከረጢቱ ተሰብስቦ ጭብጥ ያደርገዋል። ጣጣው፣ እዚያ የቀሩ ሕዋሳት እየተባዙ የኋላውን ግድግዳ ያደበዝዙታል። የሌንስ አሠራር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጠርዙ ድቡልቡል ከሆነ ሕዋሳቱ ሾልከው ያልፋሉ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጠርዝ ግን እንደ እርከን ያግዳቸዋል፣ ፈጽሞ ባይከለክልም።

የመታጠፉ ጥቅም ሌላ ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር ባነሰ ቀዳዳ ይገባል፤ ጠንካራው 6 ገደማ ይፈልጋል። እሱም ቢሆን ቁርጡ እንደ መሿለኪያ ስለሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስፌት ይገጥማል። ርካሽ ብለህ አትናቀው።

መፍትሔው ያግ ሌዘር ነው። ቢላ የለውም፣ በጨረር የደበዘዘውን መሐል ይከፍቱታል፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ግን መጀመሪያ ይመርመሩ፤ የዓይን ግፊት ወይም የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ንጣፍ) ችግርም ሊሆን ይችላል። ሌዘሩ ሁሉም ጋ ስለሌለ ደውላችሁ ሂዱ።

መልስ፦ አንኮበሬው
የእኛም አባባ እንደዚሁ ሆነው በሌዘር ጠራላቸው። ለግራ ዓይኗ ግን ጠብታውን ማን እንደሚያደርግላት ካሁኑ ተነጋገሩ። አባባ «ድኛለሁ» ብለው ሳይጨርሱ ተዉት፣ ከዚያ ኩበት ጭስ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸው ደም መሰለ።

ጠያቂ፦ የመንዙ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ቀጠሮው ውቂያ ላይ ነው የሚውለው፣ እሷ ደግሞ አውድማ ካልወረድኩ ትላለች።

መልስ፦ የዓይን ነርስ፣ ደብረ ብርሃን
ወይ ውቂያው ይለፍ፣ ወይ ሰው ይተካላት! ገለባና አቧራ፣ ሸክም፣ ዓይን ማሸት ለሳምንታት የለም። ማታ መከለያው አይወልቅ። ጠብታው ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሄዳል፣ ሐኪሙ የጻፈውን ተከተሉ። ሕመም ከጠናባት፣ ከቀላ ወይም ድንገት ማየት ካቃታት ግን በዚያው ቀን አምጧት፣ ገበያም ለቅሶም ቢኖር። የቀኙን ካርድ አትርሱ፣ የሌንሱ ቁጥር እሱ ላይ ተለጥፏል።