የቦይቹክ ተከታዮች ለምን ፍሬስኮና የእንቁላል ቴምፔራ መረጡ?

ቀለም ወዳድ፦
የባይዛንታይንን (የጥንቱን የምሥራቅ ክርስቲያን ግዛት) ሥዕልና የመካከለኛው ዘመን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ጆቶን አርአያ ያደረጉት የዩክሬኑ ሚካይሎ ቦይቹክና ተማሪዎቹ እንዴት ከአቫንት ጋርድ (አዲስ መንገድ ከሚቀዱ ሠዓሊዎች) ይቆጠራሉ? ደግሞ የእንቁላል ቴምፔራ (በአስኳል የተበጠበጠ ቀለም) በአክሪሊክ ፕራይመር (ከሥዕሉ በፊት በሚቀባ የፕላስቲክ መሠረት) በተቀባ ሸራ ላይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለምን?

ኖራና አሸዋ፦
ወደ ጥንቱ የዞሩት አዲስ ነገር ለመሥራት ነው። ገዝቶ ቤቱ ለሚሰቅል ሰው ከሚሆን ሸራ ይልቅ ሕዝብ የሚያየውን ግድግዳ መረጡ። ቦይቹክ እ.ኤ.አ. በ1917 መጨረሻ በኪየቭ በተከፈተው የሥነ ጥበብ አካዳሚ የግድግዳ ሥዕል ያስተምር ነበር፤ ሥራውም የጋራ ነበር። ፍሬስኮ፣ ማለትም እርጥብ የኖራ ልስን ላይ የሚሣል ሥዕል፣ ብቻውን ለሚሠራ ሰው አይመችም። አንዱ ይለስናል፣ አንዱ ቀለም ይፈጫል፣ ሌላው ንድፉን ወደ ግድግዳው ያዛውራል። ለመጨረሻው ልስን 1 እጅ በውሃ ተበጥብጦ የቆየ ኖራ ለ2 እጅ የታጠበ አሸዋ ይበቃል። በዕለቱ ተስሎ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ለስን፤ ቀለሙን የሚይዘው ኖራው ሲደርቅ ከአየር የሚስበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነውና፣ ልስኑ ከደረቀ በኋላ የተቀባ ቀለም ይረግፋል። የፕሩሲያ ሰማያዊ የተባለውን ቀለም አትጠቀም፣ ኖራ ያበላሸዋል።

ፈረስ ጭራ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ግድግዳዎቹን ሄዶ ማየት አይቻልም። በ1919 በኪየቭ የሉትስክ ጦር ሰፈር፣ በ1927–28 በኦዴሳ የገበሬዎች ሳናቶሪየም፣ በ1933–35 በካርኪቭ ቲያትር የሠሯቸው ሁሉ ጠፍተዋል። ቦይቹክና ተማሪዎቹ ኢቫን ፓዳልካና ቫሲል ሴድሊያር በ1937 በጥይት ተገደሉ፤ የቦይቹክ ባለቤት ሶፊያ ናሌፒንስካም በዚያው ዓመት። ስለዚህ የተረፉትን ቴምፔራዎች፣ ንድፎችና የእንጨት ኅትመቶች ማጥናት ግድ ነው።

አስኳል፦
ስንጥቁ ከሸራው ነው። ቴምፔራ ሲደርቅ ግትር ስለሆነ የሚተጣጠፍ ነገር ላይ አይቆይም፤ አክሪሊክ ፕራይመርም በቂ ፈሳሽ አይመጥም። ጠንካራ ጣውላ ውሰድና ለብ ባለ የቆዳ ሙጫ የተበጠበጠ የጠመኔ ዱቄት ደጋግመህ ቀባው። ሙጫውን አታፍላው፣ ኃይሉን ያጣል፤ የላይኛው ሽፋን ሙጫ ከታችኛው ከበረታም መሠረቱ (የጠመኔው ሽፋን) ራሱ ይሰነጠቃል።

አስኳሉን ከነጩ ለይ፣ ወረቀት ላይ አንከባለህ አድርቀው፣ ስስ ሽፋኑን ይዘህ ውጋና ፈሳሹን ብቻ አውጣ። ጥቂት ውሃ ጨምር፤ ከዚያ በውሃ የተፈጨውን ቀለም በእኩል መጠን ቀላቅል። መስታወት ላይ ቀብተህ ሲደርቅ በቢላ ፋቀው፦ እንደ ክር ተጠቅልሎ ከተነሣ ልክ ነው፣ ዱቄት ከሆነ አስኳል ጨምር። ቀጫጭን መስመር እየደራረብክ ቀባ፤ በወፍራሙ ከተቀባ ጣውላም አያድነውም።