ክሬድል ተራራ አካባቢ የት እንደር?

ሰላም ወገኖች፤ የአውስትራሊያዋን ደሴት ታዝማኒያን በመኪና የዞራችሁ እባካችሁ እርዱኝ። እናቴን ይዤ ከጂሎንግ በሌሊቱ መርከብ ዴቨንፖርት እንወርዳለን፤ ከዚያ ክሬድል ተራራ፣ ስትራሃን፣ ሆባርት። የቸገረኝ የክሬድሉ አዳር ነው። ተራራው ያለበት ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያሉት ሆቴሎች ለእኛ ቀን ሞልተዋል። ሸፊልድ የምትባል ከተማ ክፍል አግኝቻለሁ፣ ግን አንድ ሰዓት ያህል ያስነዳል። እናቴ ዎምባት (አጭር እግር ያለው ወፍራም የዱር እንስሳ) ለማየት በጣም ጓጉታለች፤ እሱ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ ሮኒ ክሪክ ሜዳ ላይ በደንብ የሚታየው ሲመሻሽ ነው። በጨለማ ስንመለስ ዋላቢውም (ትንሽ ካንጋሮ መሳይ ነው) ዎምባቱም መንገድ ላይ ዘው ይላል፤ እንስሳ መግጨት ከልቤ ያስፈራኛል። ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብንሄድስ እናገኘው ይሆን? ወይስ ቀረብ ያለ ማደሪያ ታውቃላችሁ? ደግሞ እናቴን ጉልበቷን ያማታል። የፓርኩ አውቶብስ ሮኒ ክሪክ ካወረደን በኋላ የእንጨቱ የእግር መንገድ ደረጃ ይበዛዋል?