ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ውሻና ድመት ይዞ መሄድ፦ ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ

የሽምብጧ

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ከፋሲካ በኋላ ቤታችንን ጠቅልለን ልንሄድ ነው። ዕቃው በአይሱዙ ቀድሞ ይሄዳል፤ እኛ ሚኒባስ በኮንትራት ይዘናል። የሚያስጨንቀኝ ዕቃው አይደለም። መቻል የሚባል የስምንት ዓመት ውሻ አለን፤ ከሽምብጥ ወጥቶ የሚያውቀው እስከ ጣና ዳር ነው፣ ያውም በእግሩ። ሚሚ ደግሞ የመኪና ሞተር ሲነሣ ከሰማች ቁም ሣጥን ላይ ወጥታ የምትውል ድመት ናት።

ጎረቤቶቼ ተማክረው የመጡ ይመስል «ውሻውን ለሚቀጥለው ተከራይ ተይለት፤ ድመት እንደሆነ አዲስ አበባም ሞልቷል» ይሉኛል። ስምንት ዓመት ሌሊቱን ሲጮህልኝ ያደረውን ትቼ አልሄድም። ስለዚህ ያንን ምክር እዚህ አትድገሙብኝ።

የምጠይቀው እንዲህ ነው። የድመት መያዣ ገበያውን ዞሬ አጣሁ፤ ባለቤቴ «እንደ ጥንቱ በጆንያ» ይላል። አንድ መድኃኒት ሻጭ ለሁለቱም የሰው የእንቅልፍ ክኒን ግማሽ ግማሽ ስጫቸው ብሎኛል። የዓባይ በረሃ ሙቀትስ? ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለመነሣት አስበናል።

ዘጌ ማዶ

እህቴ፣ የጆንያውን ሐሳብ ከአሁኑ ጣሉት። የዛሬ አራት ዓመት ጎተራችንን አይጥ ወርሮት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ አንዲት ድመት በጀልባ ወሰድሁ። እናቴ እንዳዘዘችኝ ጆንያ ውስጥ ከትቼ አፉን በሲባጎ አሰርሁ። መንገዱን አይታ እንዳትመለስ ነው ይባላል። ጀልባው ከወደቡ ርቆ ሞተሩ ሲያጓራ ጆንያው ብቻውን ይንከባለል ጀመር፤ ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። ዝምታው አስፈራኝና አፉን ላላ ባደርገው አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ታለከልካለች። ወዲያው ክንዴን ቦጭቃ ወጣችና የጀልባው ነጂ እግር ሥር ተወሸቀች። ወደ ውኃው ዘልላ ቢሆን ኖሮ ማን ይደርስላት ነበር? ጠባሳው አሁንም ክንዴ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው ቲማቲም የሚመጣበትን የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ሁለቱን አፍ ለአፍ ገጥሜ በሦስት ጎን በሽቦ ሰፋኋቸው፤ አራተኛው ጎን መዝጊያ ሆነ። የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ እንዳይቀር በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ፈትሹ። ውስጡ አሮጌ ጋቢ ይነጠፍ፤ ላዩ ላይ ነጠላ ጣል ይደረግ፣ ጨለም ሲልባት ትረጋጋለች። ደግሞ ሳጥኑን የጉዞው ቀን እንዳታወጡት። ዛሬውኑ ሳሎን ውስጥ አኑሩትና ምግቧን እዚያ ውስጥ ስጧት፤ በሁለት ሳምንት ራሷ ገብታ መተኛት ትጀምራለች።

የጎጃም መንገድ

እናቴ፣ በዚህ መስመር ብዙ ዓመት ነድቻለሁና የሰዓቱን ነገር ለእኔ ይተዉት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታችሁ ደጀን የምትደርሱት እኩለ ቀን ገደማ ነው። ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል የሚወጣ መንገድ ነው። ተሳቢ መኪና ከፊት ከገባ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድማችኋል። በሚያዝያ እኩለ ቀን ታች የዓባይ ድልድይ አጠገብ የሚነፍሰው አየር ከምድጃ የወጣ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ረፋድ ላይ ተነሡና ደብረ ማርቆስ እደሩ። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ብትነሡ ገና 2 ሰዓት አካባቢ ዓባይን ትሻገራላችሁ። ማደሪያውን አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ውሻ እንዳለ ሳይናገሩ መሄድ በር ላይ ያጨቃጭቃል። ግቢ ያለው ይሻላል።

ሌላው ኬላ ነው። መኪናው በቆመ ቁጥር በር ይከፈታል፤ ውሻ የሚጠፋው ያኔ ነው። ገመዱን አንድ ሰው እጁ ላይ ጠቅልሎ ሳይዝ በር አይከፈት። ገመዱም አንገቱ ላይ አይሁን፣ ፍሬን ሲያዝ ያንቀዋል። ቆዳ ሠሪ ዘንድ ሂዱና ደረቱን የሚያቅፍ ማሰሪያ አሠሩለት፤ ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ ቀለም ይጻፉበት። ዕቃ መጫኛው ላይም አይቀመጥ፤ ቁልቁለቱ ላይ ሻንጣው ሁሉ ወደፊት ነው የሚመጣው።

ስንቅ አልባ

እህቴ አትቀየሚኝ። ሰው አንድ ኪሎ ሥጋ መግዛት ባቃተው ዘመን ደብረ ማርቆስ ላይ ለውሻ አልጋ ይያዝ?

የሽምብጧ

አልቀየምም ወንድሜ። አልጋው የእኔ ነው፤ መቻል መኪናው ሥር ያድራል።

የከብት ሐኪሙ

ስሜ የከብት ይበል እንጂ ውሻና ድመትም አክማለሁ። የሰው የእንቅልፍ ክኒን በምንም ምክንያት እንዳይሰጧቸው። የደነዘዘ እንስሳ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ የሰውነቱን ሙቀት መቆጣጠር ያቅተዋል፣ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ሚዛኑን ስለማይጠብቅ ይላተማል። ውሻው መኪና የሚያስታውከው ከሆነ ለዚያ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት አለ፤ ሐኪም መዝኖት ያዝለታል። ይህን ካነሣሁ አይቀር፣ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸው ጊዜው አልፎ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳይሉ ያስከትቧቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ እንስሳ መከላከያው እስኪዳብር ሦስት ሳምንት ያህል ስለሚጠበቅ፣ የጉዞው ዋዜማ ላይ መሮጥ ጥቅም የለውም። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልለው ከራስዎ መታወቂያ ጋር ይያዙት።

ወደ ሙቀቱ ስመጣ፣ ውሻ እንደ እኛ አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ምላሱ በጣም ከቀላ፣ ለሐጩ ከወፈረና ከተንገዳገደ ጥላ ፈልገው ያቁሙ፤ ሆዱንና እግሮቹን ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ያራግቡለት። መኪናው ቆሞ መስኮቱ ተዘግቶ ለቡና እንኳ ትተውት አይውረዱ። ድመት አፏን ከፍታ ካለከለከች ደግሞ ጭንቀቱ በዝቶባታል ማለት ነው።

በባዶ ሆድ ቢሄዱ ይሻላል። ከመነሣታችሁ ሦስት አራት ሰዓት በፊት ጥቂት ይብሉ፤ ውኃ ግን በየማረፊያው ይቅረብላቸው። የፋሲካ ትርፍራፊ ወጥ አደራ! ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ለድመቷ መጸዳጃ የሚሆን ሰጋቱራ ከአናጢ ቤት ይያዙ። ከምትጠቀምበትም አንድ እፍኝ ይቀላቅሉበት፤ አዲሱ ቤት ውስጥ ሽታዋን ታገኛለች። እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ትቆይ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላት ውጭ አትልቀቋት።

የሽምብጧ

ደርሰናል። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሁሉንም እንደነገራችሁኝ አድርጌ ነበር። አማቴን ግን ማን ይመክራል! ስንነሣ «ልጄ በባዶ ሆዱ አይሄድም» ብለው መቻልን በስውር እንጀራ በወጥ አብልተውታል። ዳንግላ ሳንደርስ ባለቤቴ ሱሪ ላይ አወጣው። ሐኪሙን ደውዬ ባናግር ኖሮ ይቆጡኝ ነበር፤ ደግነቱ የበላውን ሁሉ ስለመለሰው ሌላ ነገር አልታየበትም።

ሚሚ እስከ ዱርቤቴ አለቀሰች፤ ከዚያ ዝም ስትል የዘጌው ታሪክ ትዝ አለኝና ነጠላውን ገለጥሁ። ተኝታለች። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ «ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ ነጠላውን ሲያነሣ እንደ እባብ ተፋችበት። «ዝጊው፣ ዝጊው» አለና ሌላውን ዕቃ ሳያይ አሳለፈን።

ደብረ ማርቆስ አደርን። ዓባይ ስንደርስ ገና ጥላ ነበር፤ እርጥብ ፎጣ አዘጋጅቼ ሳልጠቀምበት ጎሐ ጽዮን ወጣን። ወንድሜ ሹፌሩ፣ ምርቃቴ ይድረስህ።

ሚሚ አራት ቀን ከማቀዝቀዣው ጀርባ አልወጣችም። በአምስተኛው ሌሊት የሳህን ድምፅ ሰምቼ ብነሣ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ትበላለች። መቻል ግን ጣናን እየፈለገ ነው። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ወደ ቁልቁለቱ ይጎትተኛል፤ ታች ያለው ነዳጅ ማደያ ስንደርስ ቆሞ ያሸታል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ፊቴን ያየኛል።